አበባው በዛ፣ ዱባው ግን የለም

ግንቦት እየተጋመሰ ነው። የአዲስ አበባ ሰማይ ከሰዓት በኋላ መጥቆር ጀምሯል፤ ግቢ ያላችሁም ባዶዋን መሬት በዓይናችሁ እየለካችሁ ይሆናል። የዚህ ወር ጨዋታችን ስለ ዱባ ነው። "ዱባ ደግሞ ምን ወግ አለው? ከጉልት ገዝቶ መክተፍ ነው እንጂ" የምትሉ አትጠፉም። እኔም እስከ ካቻምና ድረስ እንደዚያ ከሚሉት ነበርኩ።

ካቻምና ከፋሲካ በኋላ እናቴ ከእኛ ጋር ልትኖር መጣች። አባቴ ካረፈ ወዲህ ያ ሰፊ ግቢ ለብቻዋ ከብዷት ነበር፤ ቤቱም ተሸጠ። ይዛ የመጣችው ዕቃ ጥቂት ነው። ልብሷን፣ ረከቦቷንና ፎቶዎቿን ካስቀመጠች በኋላ የነጠላዋን ጫፍ ፈታችና 14 የዱባ ፍሬዎች መዳፌ ላይ አፈሰሰችልኝ። እናቷ ከሰጠቻት ዱባ ጀምሮ በየዓመቱ ዘሩን እያስቀረች ስትዘራው የኖረችው ነው። "ይህን ካጠፋሽው ሌላ የለኝም" አለችኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።

ስምንቱን ዘራን፤ ስድስቱን በፖስታ አድርጋ ቁምሳጥኗ ውስጥ አኖረች። ሐረጉ በሁለት ወር ውስጥ አጥሩን ሞላው። በነሐሴ ግቢያችን በቢጫ አበባ ተንቆጠቆጠ፤ የመጣ እንግዳ ሁሉ ፎቶ ይነሣበታል። ዱባ ግን የለም። አውራ ጣት የምታህል ፍሬ ብቅ ትላለች፣ ሦስት አራት ቀን ትቆያለች፣ ትገረጣለች፣ ትወድቃለች። ኅዳር ላይ ውርጩ ሐረጉን ሲያጠወልገው አንድም ዱባ ሳናነሣ ቀረን። እናቴ ብዙ አልተናገረችም። አንድ ቀን ብቻ ቡና እየጠጣን "መሬቱ አላወቀኝም" አለች።

ያቺ ቃል እንቅልፍ ነሣችኝ። መጀመሪያ የጠረጠርኩት አፈሩን ነው፤ ከዚያ ዘሩን፤ ከዚያ ደግሞ ባለቤቴ በየሳምንቱ የሚያፈስለትን የዶሮ ኩስ። (በዚህ በመጨረሻው ጥርጣሬዬ ጥቂት እውነት ነበረበት፤ ኩስ የበዛበት ዱባ ቅጠልና ሐረግ ያበዛል እንጂ ለፍሬ አይቸኩልም።) ዋናው ምክንያት የተገለጠልኝ ግን ሳላስበው ነው። ስለ ድሮው ግቢ ስናወራ እናቴ በአጥር የሚያዋስኗት ጎረቤት ማር በቆረጡ ቁጥር አንድ ሳህን ይልኩላት እንደነበር አነሣች። ለካ ቀፎ ነበራቸው! እናቴ ለ40 ዓመት ዱባ ስታመርት ግማሹን ሥራ የሚሠሩላት የጎረቤት ንቦች ነበሩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ የዱባ ሐረግ ሁለት ዓይነት አበባ ያወጣል። ወንዴው አበባ ቀጭንና ረዥም አገዳ ላይ ይቆማል፤ መሐሉን ብታዩት ቢጫ ብናኝ የተቀባች አንዲት ዘንግ አለችው። ሴቴዋ አበባ ደግሞ አጭር ናት፤ ከሥሯ ገና ሳትከፈት ጀምሮ ትንሽዬ ዱባ ይዛለች። ያቺ ትንሽ ዱባ የምታድገው የወንዴው ብናኝ ሴቴዋ አበባ መሐል ሲደርስ ነው። ልጆቻችሁ በሳይንስ መጽሐፋቸው ርክበ ብናኝ ብለው የሚማሩት ይኸው ነው። የዱባ ብናኝ ከባድና የሚጣበቅ ስለሆነ ነፋስ አይወስደውም፤ ንብ ወይም ሌላ ነፍሳት ያስፈልገዋል። ችግሩ አበባዋ የምትከፈተው ለአንድ ጠዋት ብቻ መሆኑ ነው። ጎህ ሲቀድ ትከፈታለች፣ ረፋዱ ላይ ትከደናለች፣ በዚያው አለቀ። በነሐሴ ጠዋት ዝናብ እያካፋ፣ ሰማዩ እንደተከደነ፣ በኮንክሪትና በአስፋልት በተከበበ ሰፈር የትኛዋ ንብ ትመጣለች?

እንግዲህ ንብ ካልመጣች ሥራው የእናንተ ነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ወደ ጓሮ ውጡ። አዲስ የተከፈተ ወንዴ አበባ ከእነአገዳው ቁረጡ፤ ቢጫ ቅጠሎቹን ላጡና ዘንጓን ብቻ አስቀሩ። በጣታችሁ ስትነኳት ቢጫ ዱቄት ከተወላችሁ ደህና ናት። ከዚያ በተከፈተችው ሴቴ አበባ መሐል ያሉትን የሚያጣብቁ ክፍሎች ሁሉንም በቀስታ ቀቡ። አንድ ወንዴ ለሁለት ሴቴ ይበቃል። አበባው እርጥብ ከሆነ ግን ብናኙ ይበላሻል፤ ማታ ዝናብ እንደሚመጣ ካወቃችሁ በማግስቱ የሚከፈቱትን በላስቲክ ወይም በሳህን ከልሏቸው። የነገዎቹን ለማወቅ አትቸገሩም፤ ጫፋቸው ወደ ብርቱካንማ ቀለም መለወጥ ይጀምራል። በሳምንት ውስጥ ትንሿ ዱባ ካበጠችና አንገቷን ወደ መሬት ካዘነበለች ተሳክቶላችኋል።

አንድ ነገር አስቀድማችሁ ብታውቁት ከድንጋጤ ያድናችኋል። መጀመሪያ የሚመጡት አበቦች ሁሉም ወንዴ ናቸው። ሴቴዎቹ የሚከተሉት ከሳምንት ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። "የእኔ ዱባ መካን ነው" ብላችሁ ሐረጉን እንዳትነቅሉት።

እኛ ቤት ይህን ሥራ የተረከበችው የ10 ዓመት ልጄ ናት። አምና ነሐሴንና የመስከረምን መጀመሪያ፣ በፒጃማዋ ላይ የአያቷን ጋቢ ደርባ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ጓሮ ነበረች። ትምህርት ተከፍቶ የሰርቪስ መኪናው ጥሩንባ ሲነፋ እንኳ "አንዲት ቀረችኝ!" እያለች ነው የምትወጣው። እናቴ መጀመሪያ ላይ ነገሩ አልጣማትም። "ዱባ እንደ ሕፃን በእጅ ሲመገብ አላየሁም" ብላ በመስኮት ትመለከታለች። ሦስተኛዋ ፍሬ ስትይዝ ግን ራሷ ወንበር አስወጥታ ጓሮ ቁጭ ማለት ጀመረች።

አሁን ወደ አዘራሩ እንመለስ፤ ጊዜው ደርሷልና። ለአዲስ አበባና ለመሰል ደጋ ከተሞች ከግንቦት አጋማሽ እስከ ሰኔ መጀመሪያ ጥሩ ነው። ዱባ ከዘር እስከ ምርት አራት ወርና ከዚያ በላይ ይወስዳል፤ ከዘገያችሁ የኅዳር ውርጭ ይቀድማችኋል። እንደ አዳማና ሐዋሳ ባሉ ሞቃት ከተሞች የምትኖሩ ውኃ ካላችሁ እንደዚህ መጨነቅ የለባችሁም።

ቦታው ቢያንስ ስድስት ሰዓት ፀሐይ የሚያገኝ ይሁን። ክንድ የሚያህል ስፋትና ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍራችሁ ሁለት ባልዲ የበሰበሰ ፍግ ወይም ብስባሽ ከአፈሩ ጋር አደባልቁና መልሱ። "የበሰበሰ" ማለቴን ልብ በሉ፤ ትኩስ ፍግ ሥሩን ያቃጥላል። መረሬ አፈር ላይ ከሆናችሁ ውኃ ስለሚያቁር አፈሩን ከፍ አድርጋችሁ እንደ ጉብታ ሥሩት። በእያንዳንዱ ጉድጓድ ሦስት ፍሬ በሁለት ጣት አንጓ ጥልቀት ቅበሩ፤ ሲበቅሉ ጠንካራውን አስቀርታችሁ ሌሎቹን በመቀስ ቁረጡ። መንቀል የቀረውን ሥር ስለሚያናጋ መቁረጡ ይሻላል። በጉድጓዶቹ መካከል ሁለት ሜትር ያህል ተዉ። ሐረጉን አጥር ላይ ማስወጣት ይቻላል፤ ዱባው ሲከብድ ግን በአሮጌ ሻሽ ወይም በመረብ ከረጢት ደግፉት። መሬት ላይ ለሚያርፈው ደግሞ ጣውላ ወይም ጠፍጣፋ ድንጋይ አንጥፉለት፤ ካልሆነ ሆዱ ይበሰብሳል። ሁለት ሦስት ፍሬ ከያዘ በኋላ የሐረጉን ጫፍ ቀንጥሱ፤ ጉልበቱን ለያዘው ያውላል።

ኮንዶሚኒየም ውስጥ የምትኖሩ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ትልቁ ዱባ ለበረንዳ አይሆንም። ዙኩኒ ግን ይሆናል። ሐረግ ስለማይጥል 40 ሊትር በሚይዝ በርሜል ወይም ጆንያ ውስጥ ይበቅላል፤ ከዘራችሁት ከሁለት ወር ገደማ ጀምሮ ትቀጥፋላችሁ። ስድስተኛ ፎቅ ላይ ንብ ብርቅ ስለሆነች ለእናንተ የጠዋቱ ሥራ ግዴታ ነው።

ቅጠሉ ላይ ዱቄት የተነሰነሰ የመሰለ ነጭ ነገር ካያችሁ የተለመደ የፈንገስ በሽታ ነው። የባሰባቸውን ቅጠሎች ቆርጣችሁ አርቁ፤ ውኃ ስታጠጡ ሥሩን እንጂ ቅጠሉን አታርሱ። አንድ እጅ ወተት በዘጠኝ እጅ ውኃ አቅጥኖ በሳምንት ሁለቴ መርጨትም ይረዳል።

ወደ መልቀሙ ስንመጣ ባለቤቴን ሳላማ አላልፍም። አምና አምስት ዱባ ይዞልን ነበር። የመስቀል ዕለት እንግዳ ሲመጣ "የራሳችንን ዱባ ቅመሱ" ሊል ትልቁን ቆርጦ ገባ። ስናየው ደርሷል፤ መጠኑን ጨርሷል። ስንቀቅለው ግን ውኃ ነው፤ ጣዕም የለውም፣ መልኩም ፈዛዛ ነው። ዱባ መጠኑን የሚጨርሰው ቀድሞ ነው፤ ስኳሩና ቀለሙ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አበባዋ ብናኝ ካገኘችበት ቀን ጀምሮ ከ50 እስከ 60 ቀን ጠብቁ። ሦስት ምልክቶችን ፈልጉ፦ ዱባውን ከሐረጉ የሚያያይዘው እጀታ ይደርቃል፣ የቆዳው ልስላሴና ብርቀት ይጠፋል፣ ጥፍራችሁን ብትጫኑበት አይገባም። ስትቆርጡ ከእጀታው አንድ ጣት ያህል አስቀሩለት፤ ስትሸከሙትም በእጀታው አታንጠልጥሉት። እጀታው የተገነጠለ ዱባ በዚያ ቀዳዳ በኩል ነው የሚበሰብሰው። ከዚያ ዝናብ በማይነካው ሞቅ ያለ ቦታ ሁለት ሳምንት ያህል ይድረቅ። በኋላ ቀዝቀዝ ባለ ደረቅ ክፍል፣ በሲሚንቶ ላይ ሳይሆን በጣውላ ወይም በካርቶን ላይ፣ እርስ በርስ ሳይነካካ ቢቀመጥ ሁለትና ሦስት ወር ይቆያል፤ አንዳንዱ ከዚያም ያልፋል።

"ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል" የሚለውን ተረት ሁላችንም እንጠቅሳለን። ከምናስበው በላይ እውነት ነው። ቅል የአፍሪካ ተወላጅ ነው፤ አበባውም ነጭ ሆኖ ወደ ማታ ይከፈታል። ዱባ ግን ከአሜሪካ አህጉር የመጣ ነው፤ በሜክሲኮ ኦአሃካ ከሚገኝ ዋሻ 10,000 ዓመት ገደማ ዕድሜ ያለው የዱባ ዘር ተገኝቷል። ሁለቱ ጎን ለጎን ቢዘሩም አይዳቀሉም። ዱባ ከዱባ ጋር ግን፣ ዝርያቸው አንድ ከሆነ፣ በቀላሉ ይዳቀላል። ጎረቤታችሁ ሌላ ዓይነት ዱባ ከዘራና ንብ ከተመላለሰች፣ ዘንድሮ የምትበሉት ያው የለመዳችሁት ነው፤ ከፍሬው ዘርታችሁ በሚቀጥለው ዓመት የምታገኙት ግን ሌላ ሊሆን ይችላል። የእናቴ ዓይነት ዘር ያላችሁ ይህን አስቡበት። መፍትሔው አንድ ክር ነው። ማታ፣ በማግስቱ ሊከፈቱ ያሉ አንድ ወንዴና አንድ ሴቴ አበባ ጫፋቸውን በክር እሰሩ። ጠዋት ፈትታችሁ በእጃችሁ አዳቅሉ፤ ሴቴዋን መልሳችሁ እሰሯት። በዚያች ፍሬ እጀታ ላይ ቀይ ክር አድርጉ። የዘር ዱባችሁ እሷ ናት።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ማሳሰቢያ አለኝ፤ እባካችሁ ለቤት ሠራተኛችሁም ንገሩልኝ። ዱባም ሆነ ዙኩኒ መራራ ከሆነ አይበላም። ለጌጥ ከሚተከሉ ወይም ከዱር ዘመዶቹ ጋር ከተዳቀለ ዘር የበቀለ ፍሬ ኩከርቢታሲን የሚባል መራራ መርዝ ሊይዝ ይችላል። ብትቀቅሉት፣ ብትጠብሱት አይለቅም። ከባድ ትውከትና ተቅማጥ ያመጣል። እ.ኤ.አ. በ2015 ጀርመን ውስጥ አንድ የ79 ዓመት አዛውንት በጓሮ የበቀለ መራራ ዙኩኒ በልተው ሕይወታቸው አልፏል። እንዲህ ያለው ነገር የሚያጋጥመው ከስንት አንዴ ነው፤ መጠንቀቂያውም ቀላል ነው። ስትከትፉ የጥፍር ታህል ጥሬውን በምላሳችሁ ቅመሱ። ከመረረ ትፉትና ሙሉውን ጣሉት። በርበሬ ከገባበት በኋላ ምሬቱን ላትለዩት ትችላላችሁ።

ወደ ወጥ ቤት እንግባ። የእናቴ ዱባ ወጥ ምስጢሩ ውኃ አለማብዛት ነው። አራት ራስ ሽንኩርት ያለ ዘይት በደንብ ታቁላላለች፤ ዘይቱን፣ ቀጥሎም ሁለት የሾርባ ማንኪያ በርበሬ ትጨምርና ጠብ ጠብ እያደረገች ታበስለዋለች። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ይከተላል። አንድ ኪሎ ዱባ በትልልቁ ተከትፎ ይገባል፤ ግማሽ ብርጭቆ ሙቅ ውኃ ብቻ፣ ክዳኑ ተገጥሞ፣ በዝግተኛ እሳት 20 ደቂቃ። ማማሰል የለም፤ ድስቱን ማወዛወዝ ብቻ። ሲወጣ ኮረሪማ ነስነስ። በርበሬ ለማይወዱ ልጆች ያው አሠራር በእርድ አልጫ ይሆናል። ዱባ ውስጥ ያለውን ቤታ ካሮቲን ሰውነታችን ወደ ቫይታሚን ኤ ይቀይረዋል፤ ከጥቂት ዘይት ጋር ሲበላ ደግሞ በተሻለ ይወስደዋል። ስድስት ወር ለሞላው ሕፃንም በእንፋሎት አብስሎ መፍጨት ከገበያ ከሚገዛው ብልቃጥ ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

ቅጠሉንም አትርሱት። በደቡብ ኢትዮጵያ ብዙ ቦታዎች ለጋው ቅጠልና የሐረጉ ጫፍ እንደ ጎመን ይበላል፤ እኛ ከተሜዎቹ እየቆረጥን ቆሻሻ ውስጥ እንከተዋለን። ፍሬውንም አጥባችሁ፣ ጨው ባለው ውኃ አሳድራችሁ፣ አድርቃችሁ ምጣድ ላይ ብትቆሉት ከቡና ጋር ቆሎ ነው። የዱባ ፍሬ ለኮሶ ትል መድኃኒት ነው ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል፤ ልጃችሁ ትል ካለበት ግን ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ ቆሎውን ለቡናችሁ አቆዩት።

አሜሪካ ላለችው እህቴ ይህን ሁሉ በስልክ ስነግራት ሳቀችብኝ። እሷ መጀመሪያ እዚያ የሄደች ጊዜ ለሃሎዊን የሚፈለፈለውን ትልቅ ብርቱካናማ ዱባ ገዝታ ወጥ ሠርታ፣ ውኃ ሆኖ አስለቅሷት ነበር። አሁን በተርነት የሚሉትን ረዥም አንገት ዱባ ትገዛለች። "ወጡ ይመጣል፣ የእማዬ ግን አይደለም" ትላለች።

ከአምናዎቹ አምስት ዱባዎች አንዱን ባለቤቴ በመስቀል ጨረሰው። ሦስቱ የነቢያትን ጾም አሳለፉን። ቀይ ክር የታሰረበትን እናቴ እስከ ጥር አላስነካችም፤ ፍሬው ዱባው ውስጥ እንዳለ ሲቆይ ይበልጥ ይሞላል ብላ። ትክክል ናት። ስትከፍተው 300 የሚጠጋ ፍሬ ወጣ። አጥባ፣ በጥላ አድርቃ፣ ሰባራውንና ስሱን ለቅማ በየወረቀቱ አሥር አሥር አድርጋ ጠቀለለች። አንዱ ጥቅል ለእህቴ፣ አንዱ ለወንድሜ፣ ሁለቱ ለእድር ጓደኞቿ፣ ሌላው ለእኛ። አንድ ጥቅል ተረፈ። የማን እንደሆነ ስጠይቃት ቤታችንን የገዙት ሰዎች እንደሆነ ነገረችኝ። ባለፈው እሑድ ልጄን አስከትላ ሄዳ ሰጥታቸው መጣች።

"አዘራሩን ነገርሻቸው? አበባውን በእጅ ማዳቀሉንስ?" አልኳት።

"እነሱ ምን አስቸገራቸው" አለች ጫማዋን እያወለቀች። "ንቦቹ አሁንም እዚያው ናቸው።"